ጥገኝነት ያገኙ ጽጌረዳዎች

በ1915 አውሮፓ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እየነደደች ነበር (ዓመታቱን ሁሉ፣ ለይተን ካልጠቀስን በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው)። በዚያው ዓመት፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ በአሜሪካ ምዕራብ ጫፍ በምትገኘው በፖርትላንድ ከተማ፣ ጄሲ ከሪ የሚባል ሰው የከተማዋን ሹማምንት ይወተውት ጀመር። ከሪ «ኦሪገን ጆርናል» የተባለው ጋዜጣ የእሁድ እትም አዘጋጅ ነው። ከሥራው ውጪ ያለው ፍቅር ደግሞ ጽጌረዳ። ልመናው ለሰው አልነበረም። አውሮፓውያን አዳቃዮች ዕድሜያቸውን ፈጅተው ያፈሯቸው የጽጌረዳ ዝርያዎች በቦምብ ሊጠፉ ነውና ፖርትላንድ መጠጊያ ትስጣቸው ነው ያለው።

ሹማምንቱም እሺ አሉ። በ1917 የከተማዋ የፓርኮች ቢሮ ሐሳቡን አጸደቀ። በ1918 መጀመሪያ ላይ ከእንግሊዝ አዳቃዮች የተላኩ ጽጌረዳዎች መድረስ ጀመሩ። ዛሬ «ዓለም አቀፍ የጽጌረዳ መሞከሪያ» እየተባለ የሚጠራው የአትክልት ስፍራ እንዲህ ተወለደ።

እንግዲህ ልብ በሉ! ይቺ ከተማ ለስደተኛ አበባ ጥገኝነት የሰጠች ከተማ ናት። ይህን ታሪክ ስንሰማ የመጣብን ጥያቄ አንድ ነው፤ ለሰውስ?

ዳገቱ ላይ

ጥያቄውን ይዘን በአንድ የሰኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ስፍራው አቀናን። አብሮን ያለው በከተማዋ ብዙ ዓመት የኖረ ወዳጃችን ነው። «ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ የማመጣው እዚህ ነው» አለን። «ክፍያ የለው፣ ሰዓት የሚያይብህ የለ። ቡናህን ይዘህ መዞር ነው።» እውነቱን ነው፤ መግቢያው በነፃ ነው።

ስፍራው ዋሽንግተን ፓርክ በተባለው ኮረብታ ላይ በእርከን በእርከን የተሠራ ነው። ከታች የከተማዋ ፎቆች ይታያሉ። ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ከሩቅ በረዶ የለበሰው የሁድ ተራራ ብቅ ይላል። ከ10,000 በላይ የጽጌረዳ ቁጥቋጦዎች፣ ከ600 በላይ ዝርያዎች አሉ። ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ያሸታሉ፣ እናቶች የሕፃን ጋሪ ይገፋሉ፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። የሚቸኩል የለም። እኛም አልቸኮልንም፤ በየቁጥቋጦው ሥር የተተከለውን የስም ሰሌዳ እያነበብን ቀስ እያልን ዞርን።

ለአገራችን ሰው «መሞከሪያ» የሚለው ቃል ትንሽ ግራ ያጋባል። አበባ ምን ይሞከራል? ነገሩ እንዲህ ነው። በየአገሩ ያሉ አዳቃዮች ገና ገበያ ያልወጡ አዳዲስ ዝርያዎቻቸውን ወደዚህ ይልካሉ። እዚህ ተተክለው ቀለማቸው፣ ሽታቸው፣ በሽታ የመቋቋም አቅማቸው እየታየ ነጥብ ይሰጣቸዋል። ከተማዋም ከ1919 ጀምሮ ለምርጦቹ የወርቅ ሜዳሊያ ስትሸልም ኖራለች።

ፖርትላንድ ግን ጽጌረዳን ከጦርነቱ በፊትም ታውቀዋለች። በ1880ዎቹ መጨረሻ ጆርጂያና ፒቶክ የተባለች የአንድ ጋዜጣ አሳታሚ ሚስት ጎረቤቶቿን ሰብስባ በግቢዋ ድንኳን ጥላ ጽጌረዳ ታሳይ ነበር። የከተማዋ የጽጌረዳ ማኅበር መነሻው ይኸው ነው። በ1905 በከተማዋ ትልቅ ኤግዚቢሽን ሲካሄድ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ጎዳና በጽጌረዳ ታጥሮ ነበር ይባላል። በ1907 ዓመታዊው የጽጌረዳ ፌስቲቫል ተጀመረ። «የጽጌረዳ ከተማ» የሚለው ቅጽል ስም እስከ ዛሬ አብሯት አለ። ከሪ ሲመጣ መሬቱ ተለስልሶ ነበር ማለት ነው።

በ1921 የስፍራውን ንድፍ የማውጣት ሥራ ለከተማዋ የመልክዓ ምድር አርክቴክት ለፍሎረንስ ሆልምስ ገርኪ ተሰጠ። ሰኔ 1924 ላይ በይፋ ተመረቀ። ከሪም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኖ በ1927 እስኪሞት ድረስ አበቦቹን ሲጠብቅ ኖረ።

ዲቃላ

በአማርኛችን «ዲቃላ» ስድብ ነው። ሰው በዚህ ቃል ተሰድቦ ከቤት ወጥቷል፣ ርስት ተነፍጓል፣ ከዙፋን ተገፍቷል። በጽጌረዳ ዓለም ግን ይኸው ቃል ሙገሳ ነው። በዚያ ኮረብታ ላይ ካሉት ከሺህ የሚበልጡ ቁጥቋጦዎች ዘሩ ያልተቀላቀለ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ታሪኩን አሳጥረን እንንገራችሁ። የድሮዎቹ የአውሮፓ ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ በዓመት አንዴ፣ በበጋ መግቢያ ላይ አብበው ያበቁ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በንግድ መርከቦች ከቻይና የመጡት ጽጌረዳዎች ግን ወቅቱን ሙሉ ደጋግመው ያብባሉ። አዳቃዮቹ ሁለቱን አጋቡ። በ1867 ጊዮ የተባለ ፈረንሳዊ «ላ ፍራንስ» ያላትን ጽጌረዳ አወጣ። የዘመናዊው ጽጌረዳ ልደት የሚቆጠረው ከዚያ ዓመት ነው። ደማቅ ቢጫው ቀለም ደግሞ የመጣው ከፋርስ ነው። ፐርኔ ዱሼ የሚባል የሊዮን ሰው ዓመታት ለፍቶ የፋርሱን ቢጫ ከአውሮፓው ጋር አዳቅሎ በ1900 «ሶሌይ ዶር» የተባለችውን ለገበያ አቀረበ። «የወርቅ ፀሐይ» ማለት ነው።

ይህም አልበቃ። ብዙውን ጊዜ ከችግኝ ጣቢያ የሚገዛ ጽጌረዳ በራሱ ሥር እንኳ አይቆምም። የአንዱ ቡቃያ በሌላ ጠንካራ የዱር ጽጌረዳ ግንድ ላይ ይጣበቅና አንድ ሆነው ያድጋሉ። አናቱ ሌላ፣ ሥሩ ሌላ ነው።

ወዳጃችን ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ከት ብሎ ሳቀና «ታዲያ ይሄ ሁሉ ዲቃላ ነዋ!» አለ።

አዎ፣ ሁሉም። የእንግሊዝ ኩራት የሚባለው ጽጌረዳ ቻይናዊ አያት አለው። የፈረንሳይ ኩራት የሚባለው ፋርሳዊ ደም አለበት። «ንጹሕ ዘር» እያለ የሚፎክር ሰው የሚወዳትን ልጅ ሊያባብል ጽጌረዳ ሲገዛ ከማየት የበለጠ የታሪክ ቀልድ የለም።

የኛስ?

የስም ሰሌዳ እያነበብን ስንዞር ወዳጃችን «የኛ አገርስ የላትም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ደስ አለን፤ መልሱ ከሚታሰበው በላይ ሀብታም ነውና።

አገር ቤት ያደገ ሰው ቀጋን ያውቃል። ያ እሾኻሙ፣ ነጭ አበባ የሚያወጣው፣ ልጆች ብርቱካንማ ፍሬውን ለቅመው የሚበሉት የደጋ ቁጥቋጦ ነው። ብዙዎቻችን አጥር እንጂ አበባ አድርገን አንቆጥረውም። የእጽዋት ሊቃውንት ግን የቆጠሩት ጽጌረዳ ብለው ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሊንድሊ በ1820 ባሳተመው የጽጌረዳዎች መጽሐፉ «ሮዛ አቢሲኒካ» ሲል መዝግቦታል። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ አገር በቀል የሆነ ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው። ከእንጦጦ ዳገት ጀምሮ በየደጋው ስታዩት የከበረ ዘመድ እንደሆነ አስታውሱ።

ሁለተኛዋ ደግሞ ታሪኳ ይበልጥ ይደንቃል። በ1840ዎቹ አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ የእጽዋት ሊቅ ተጓዦች ከኢትዮጵያ ሰብስበው ያመጧቸውን ዕፅዋት ሲመረምር፣ በትግራይ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የምትተከል ሐመር ሮዝ አበባ አገኘ። «ሮዛ ሳንክታ»፣ ማለትም ቅድስት ጽጌረዳ፣ ብሎ ሰየማት። በ1888 ደግሞ እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ በግብፅ ሐዋራ ላይ ከሮማውያን ዘመን መቃብር የደረቁ የጽጌረዳ ጉንጉኖች ቆፍሮ አወጣ። አበቦቹን የመረመሩት ቤልጅጋዊው ሊቅ ክሬፒን የለዩዋቸው ከዚችው ከኢትዮጵያዋ ቅድስት ጽጌረዳ ጋር ነው።

ታዲያ ይቺ ቅድስት ምንድን ናት? ዲቃላ! አንዱ ወላጇ የአውሮፓና የምዕራብ እስያ ጽጌረዳ እንደሆነ ሊቃውንቱ ይስማማሉ። በሌላው ወላጇ ላይ ግን ይከራከራሉ፤ ቀጋ ነው የሚሉም አሉ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተተክላ የከበረችው አበባ ከሁለት አገር ደም የተወለደች ናት። እኛ አገር ዛሬ በዘር ሐረግ የሚሟገተው ሁሉ ይህን ቢያስብበት ደግ ነው።

ሰላም የምትባለው

በወርቅ ሜዳሊያ ከተሸለሙት መካከል የ1944ቷን ሳናነሳ አናልፍም። ቢጫ ናት፤ የቅጠሎቿ ጠርዝ ወደ ሮዝ ይወስዳል። ፍራንሲስ ሜያን የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ በ1935 የጀመራት ናት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲቃረብ የዝርያዋን ቡቃያ ወደ ጀርመን፣ ወደ ጣሊያንና ወደ አሜሪካ ላከ። የአሜሪካው ጥቅል ከፈረንሳይ የወጣው በሊዮን በነበረው የአሜሪካ ቆንስል በኩል ነው ይባላል። ከዚያ ፈረንሳይ በጀርመን ጦር እጅ ወደቀች፤ ደብዳቤም ተቋረጠ። እያንዳንዱ አገር ታዲያ አበባዋን በየራሱ ስም ጠራት። ፈረንሳዮች በአዳቃዩ እናት ስም፣ ጀርመኖች «ግሎሪያ ዴይ» ብለው ለእግዚአብሔር ክብር፣ ጣሊያኖች «ጆያ» ብለው ለደስታ። እርስ በርስ የሚተላለቁ አገሮች ሳይተዋወቁ አንዲትን አበባ ያሳድጉ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ «ፒስ» ወይም ሰላም የሚለው ስም በይፋ የወጣላት ሚያዝያ 29 ቀን 1945 ነው። ሙሶሊኒ በተገደለ ማግስት መሆኑ ነው። በዚያው ሰሞን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን ለመመሥረት በሳን ፍራንሲስኮ ለተሰበሰቡት የየአገሩ ልዑካን መሪዎች አንዳንድ ዘለላ ታደለ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከዓመታት በፊት ጩኸቷን በጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበር ሰምቶ ዝም ያላት ኢትዮጵያ!

ለሰውስ?

አሁን ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንግባ። ፖርትላንድ የምትገኝበት የኦሪገን ግዛት ገና ግዛት ሳትሆን በ1844 ጥቁር ሰው እንዳይኖርባት የሚከለክል ሕግ አወጣች። በ1849 ደገመችው። በ1857 ነጭ ወንዶች ብቻ ድምፅ በሰጡበት ምርጫ ክልከላውን በሕገ መንግሥቷ አሰፈረች። በ1859 ወደ አሜሪካ ኅብረት ስትገባም ይህን አንቀጽ ይዛ ነው የገባችው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ምክንያት አንቀጹ ጥርስ አልነበረውም። ቢሆንም የተሰረዘው በ1926 ነው።

ዓመቶቹን አስተያዩ። የጽጌረዳው ስፍራ የተመረቀው በ1924 ነው። ለእንግሊዝ አበባ ሪባን ሲቆረጥ፣ ጥቁር ሰው እዚህ አይኑር የሚለው ቃል በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ላይ ገና ተጽፎ ነበር።

በ1942 ደግሞ ተራው የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ሆነ። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስትመታ መንግሥት እነዚህን ዜጎች ከየቤታቸው አስወጣ። የፖርትላንድና የአካባቢዋ ሰዎች፣ ቁጥራቸው ከ3,500 በላይ፣ መጀመሪያ የታጎሩት በከተማዋ ሰሜን በነበረ የከብት ኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ ነው። በረቱ ላይ ጣውላ ተረብርቦበት ወራት ኖሩበት፤ ከዚያም ወደ ሩቅ ካምፖች ተጋዙ። ዛሬ ከጽጌረዳው ስፍራ በላይ፣ ጥቂት ሽቅብ ሲሉ፣ በ1967 ለሕዝብ የተከፈተ ውብ የጃፓን አትክልት ስፍራ አለ። ዕርቅ አንዳንዴ በዛፍና በድንጋይ ነው የሚጻፈው።

ወደኛው እንምጣ። ሙሉጌታ ሥራው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለትምህርት ወደ ፖርትላንድ የሄደ ኢትዮጵያዊ ነበር። እየሠራ ይኖር ነበር፤ ዕድሜው 28። ኅዳር 13 ቀን 1988 ከሌሊቱ በኋላ ሁለት የአገሩ ልጆች በመኪና ቤቱ ደጅ አደረሱት። በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ፣ 31ኛው ጎዳናና ፓይን ጎዳና በሚገናኙበት አካባቢ ነው። ሦስት «ስኪንሄድ» የሚባሉ ወጣት ነጭ ዘረኞች ደረሱባቸው። ሙሉጌታን በቤዝቦል ዱላ ራሱን መትተው ገደሉት። ጥፋቱ ጥቁር መሆኑ ነበር።

ሦስቱም ጥፋታቸውን አምነው ታሰሩ። ጉዳዩ ግን በዚያ አልቆመም። «ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር» የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅት ጠበቃ ሞሪስ ዲስ፣ ወጣቶቹን ያነሳሳው ካሊፎርኒያ ያለው የዘረኞች ቡድንና መሪው ቶም ሜትዝገር ነው ብሎ በሟቹ ቤተሰብ ስም የፍትሐ ብሔር ክስ መሠረተ። በጥቅምት 1990 የፖርትላንድ ሕዝባዊ ዳኞች ለቤተሰቡ 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ወሰኑ። ዱላውን የያዘው ብቻ ሳይሆን ጥላቻውን ከሩቅ የሚዘራውም እንደሚጠየቅ ያሳየ ውሳኔ ነበር።

ሙሉጌታ የሞተበትን ቀን ወደኛ አቆጣጠር ብንመልሰው ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። ወርኃ ጽጌ፣ የአበባው ወር፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው። አገር ቤት ካህናቱ ማኅሌተ ጽጌን ሲያዜሙ ሰንብተው ሊያበቁ አንድ ቀን ሲቀራቸው ማለት ነው።

ወዳጃችን ይህን ስንነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «እኔ የመጣሁት ከሱ በኋላ ነው» አለ ቀጥሎ። «ግን እዚህ ከተማ ስሙን ሳይሰማ የሚከርም ሐበሻ የለም። ማታ ሥራ ስወጣ እናቴ በስልክ ‹ተጠንቀቅ› ትለኝ ነበር። እሷ መኪና ነው የምታስበው፤ እኔ የማስበው ሌላ ነው።»

በ2018፣ ሙሉጌታ በሞተ በ30 ዓመቱ፣ ከተማዋ በተገደለበት አካባቢ በጎዳና ምልክቶቹ አናት ላይ ስሙን የያዙ መታሰቢያ ሰሌዳዎች ሰቀለች።

ሒሳቡ

ከሪን መውቀስ አይገባም። አበባ መውደድ ወንጀል አይደለም። እንዲያውም ያሳየን ነገር አለ፤ መጠጊያ መስጠት ተአምር አይጠይቅም። አንድ ሰው ይጠይቃል፣ አንድ ቢሮ ያጸድቃል፣ አንድ ቁራሽ መሬት ይመደባል፣ አለቀ። ለጽጌረዳ ከጥያቄው እስከ ውሳኔው ሁለት ዓመት ፈጀ። ጥቁር ሰው አይኑር የሚለውን አንቀጽ ለመሰረዝ ግዛት ከተሆነ በኋላ እንኳ 67 ዓመት። ለሙሉጌታ ስም 30 ዓመት። ከተማ ማንን እንደምትወድ ማወቅ ከፈለጋችሁ የምትናገረውን ትታችሁ የምትፈጥንበትንና የምትዘገይበትን ቁጠሩ።

ይህ መለኪያ ለፖርትላንድ ብቻ የተሰፋ አይደለም። ለአዲስ አበባም ልክ ነው። ከሌላ ክልል ተፈናቅሎ የመጣን፣ ከጎረቤት አገር ተሰዶ የገባን ሰው በምን ፍጥነት ነው የምንቀበለው? ስንቱን «ከየት ነህ?» ብለን እንጠይቀዋለን? ሰው እንደ ጽጌረዳ ነው፤ ሥሩ ከአንድ አገር፣ አናቱ ከሌላ ሊሆን ይችላል። የሚያብበው የተተከለበት መሬት ውሃ ሲሰጠው ነው።

ከእናንተ መካከል ፖርትላንድ የመሄድ ዕድል የሚያገኝ ቢኖር አደራችን አንድ ነው። በሰኔ ኮረብታውን ውጡ፤ አሽትቱ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ደስ ይበላችሁ። ከዚያ ወንዙን ተሻግራችሁ 31ኛው ጎዳናና ፓይን ጎዳና መገናኛ ላይ ቁሙና ቀና ብላችሁ ስሙን አንብቡ። የጽጌረዳ ከተማን አየሁ የሚባለው ሁለቱን ያየ ሰው ነው።